ገበናው የማን ነው? አማና፣ ሰትር እና የሶሻል ወርክ ሥነ ምግባር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የሆነ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አንድ በጎ አድራጊ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ገዝቶ አመጣ። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ወረቀቱን ይዤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። ልጆቹ እየወጡ ተቀበሉ፣ ተማሪው አጨበጨበ፣ ፎቶም ተነሳ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ብጠራው አልወጣም። ሰልፉ መሐል ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ጓደኞቹ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። እኔም "ይሄ ልጅ ምን ነካው?" ብዬ በማይክራፎን ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረ። ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር እናቱን ፈልጌ አገኘኋት። "ችግረኛ መሆናችንን ጓደኞቹ አያውቁም ነበር" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እንዲያውም እሷ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ትመስል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ኒያችን መጥፎ አልነበረም። ለጋሹ አጅር ፈልጎ ነው፣ እኔም ልጆቹ እንዲማሩልኝ ብዬ ነው። ግን የዚያ ልጅ ድህነት የራሱ ገበና እንደሆነ፣ በማይክራፎን የማውጣት መብት እንዳልነበረኝ ለአፍታም አላሰብኩም። በኋላ ስለ ሶሻል ወርክ ሙያ ማንበብ ስጀምር፣ እኔ በሰልፍ ላይ የሳትኩት ነገር ለሙያው ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ሆኖ አገኘሁት። በእስልምና ትምህርት ውስጥ ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ያለ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ ፎቶና ስለ ዝርዝር ብቻ አይደለም። በእኛ ማኅበረሰብ መሸፈን ያለበትን ስናወጣ፣ መውጣት ያለበትን ደግሞ "ሰትር ነው" ብለን ስንሸፍን አያለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ እደርስበታለሁ፣ ኢንሻ አላህ።

መጀመሪያ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። ሶሻል ወርክ ወይም ማኅበራዊ ሥራ የሚባለው፣ ችግር ውስጥ ያሉ ግለሰቦችን፣ ቤተሰቦችንና ማኅበረሰቦችን በተጠና መንገድ የመደገፍ ሙያ ነው። ሙያው የሰውን ገበና ማክበርን የተማረው ተሳስቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 በለንደን አንድ የበጎ አድራጎት ማስተባበሪያ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1877 ደግሞ በአሜሪካ በባፋሎ ከተማ መሰሉ ተከተለ። እነዚህ ማኅበራት በጎ ፈቃደኛ ጎብኚዎችን ወደ ድሆች ቤት ይልኩ ነበር። የጎብኚዎቹ ሥራ እርዳታ የሚገባውን ድሃ ከማይገባው መለየት ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው? ባልየው ይጠጣል? ሴትዮዋ ታታሪ ናት ወይስ ሰነፍ? ያዩትን ይመዘግባሉ፣ መዝገቡንም ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች ያዩታል። ድሃው ዳቦ ሊያገኝ ቢሞክር ኑሮው ሁሉ ለምርመራ ይቀርባል ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ነው ሙያው ቀስ በቀስ የወጣው። ሜሪ ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመችው መጽሐፍ ጉብኝቱን ወደ ሥርዓት ያለው ጥናት ልትቀይረው ሞከረች። በ1957 ደግሞ ፌሊክስ ቢስቴክ የተባለ ካቶሊካዊ ቄስና መምህር በባለሙያውና በባለጉዳዩ መካከል ስላለው ግንኙነት ሰባት መርሆች አስቀመጠ። ባለጉዳዩን ሳይፈርዱበት መቀበል፣ ስለ ራሱ ሕይወት የመወሰን መብቱን መጠበቅና ምስጢሩን መያዝ ከሰባቱ ይገኙበታል። የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው በ1960 ነው። በአገራችንም ትምህርቱ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን ተቋርጦ፣ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ተመልሷል። ይሁንና በእኛ ሰፈር ችግረኛውን ቀድሞ የሚያገኘው ሠልጣኝ ባለሙያ ሳይሆን የመስጂድ ኮሚቴው፣ የወጣቶች ጀመዓው፣ እድሩ፣ የመድረሳው ኡስታዝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእነሱም ነው።

ምስጢር ለምን ይጠበቃል? በሙያው መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ዓይነት የፍልስፍና መልስ ይቀርባል። አንደኛው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የሚነሳው ነው፤ ሰው በራሱ ክብር ያለው ስለሆነ ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ ተደርጎ ሊያዝ አይገባም ይላል። ያን ልጅ በሰልፍ ፊት ስጠራው ለጋሹን ማስደሰቻ አድርጌው ነበር። ሁለተኛው እንደ ቤንታምና ሚል ውጤትን የሚመዝነው ነው። ሰዎች ገበናቸው እንደሚወጣ ካወቁ እርዳታ ፈልገው አይመጡም፣ ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ ለሁሉም ይጠቅማል ይላል። የዚህ የሁለተኛው ድክመት ስሌቱ በቀላሉ መገልበጡ ነው። "ፎቶውን ብንለቅ ለከርሞ መቶ ለጋሽ ይመጣል፣ የአንድ ልጅ ሀፍረት ምን አላት?" የሚል ሰውም በዚያው ሚዛን ይከራከራል። እንዲህ ያለውን ክርክር በየኮሚቴ ስብሰባው ሰምቻለሁ።

በእስልምና ነገሩ ለስሌት የተተወ አይደለም። በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 70 አላህ የአደምን ልጆች ማክበሩን ይነግረናል፤ የሀብታሙን የአደም ልጅ ብቻ አላለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብቱ ሐጅ ባደረጉት ኹጥባ የሰው ደምና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዒርዱም፣ ማለትም ክብሩና ስሙ፣ የተከለከለ መሆኑን አውጀዋል። ዒርድ ባለቤት አለው ማለት ነው። የተቸገረ ሰው አንድ ኪሎ ዱቄት ስለተቀበለ ዒርዱን አልሸጠም።

ስለ ምስጢር ከተነገሩት ሐዲሶች ውስጥ ለዚህ ሥራ በጣም የሚቀርብ የሚመስለኝ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። አንድ ሰው ለሌላው አንድ ነገር ሲነግር ዞር ብሎ ግራ ቀኙን ካየ፣ ያ ንግግር አማና ነው ይላል ትምህርቱ። ተናጋሪው "ለማንም እንዳትነግር" እንዲል አልተጠበቀበትም። አንገቱን ማዞሩ በቂ ነው። የሚቸገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እንዲህ ነው። መስጂድ በር ላይ ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ጎን እያየ። በሙያው ባለሙያው ስለ ምስጢር በግልጽ ባይጠየቅም እንዲጠብቅ ይጠበቅበታል የሚባለው ይኸው ነው።

ኢማም ሙስሊም የዘገቡት የአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ታሪክም አለ። አነስ ልጅ ሳሉ ከልጆች ጋር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንድ ጉዳይ ላኳቸው። ቤት ዘግይተው ሲደርሱ እናታቸው ምን እንዳቆያቸው ጠየቀቻቸው፤ መላካቸውን ነገሯት። ጉዳዩ ምን እንደነበር ስትጠይቅ ግን ምስጢር ነው አሏት። እናትየው ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) አልተቆጣችም፤ የነቢዩን ምስጢር ለማንም እንዳይናገሩ አጠናከረችላቸው እንጂ። እናት ከልጇ ምስጢር ለማውጣት አልሞከረችም። አንድ ሰው ለመስጂዱ ኮሚቴ የነገረውን ጉዳይ ማታ ለባለቤታችን ስንተርክ ይህችን እናት ማስታወስ አይከፋም።

ምስጢር ከመጠበቅ በፊት ደግሞ የማያስፈልገንን ምስጢር አለመሰብሰብ አለ። በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 12 ስለላ ተከልክሏል። ዑመር (ረ.ዐ.) ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር በመዲና ሌሊት ሲዘዋወሩ መብራትና ጫጫታ ያለበት ቤት እንዳጋጠማቸው ተዘግቧል። ዑመር ሰዎቹ እየጠጡ መሆኑን ጠቁመው ምን እናድርግ ሲሉ፣ ዐብዱረሕማን እኛው አላህ የከለከለውን ስለላ ፈጸምን አሏቸው። ኸሊፋው ትተዋቸው ሄዱ። የለንደኖቹን ጎብኚዎች አስታውሱና አወዳድሩት። አሁን በአንዳንድ የእርዳታ ማመልከቻ ቅጾች ላይ የማያቸው ጥያቄዎች ከኸሊፋው ይልቅ ወደ ጎብኚዎቹ ያደላሉ። ለዘይትና ለሩዝ የመጣች ሴት ለምን እንደተፈታች መጠየቅ ምን ይሠራል? የዘካ ተቀባይ ድሃ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያለፈው ጉጉት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ረመዳን በገባ ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም በሚታወቅ ምስል ይሞላል። አንዲት እናት የዱቄት ከረጢት ይዛ፣ ከጎኗ ሦስት ሰዎች ቆመው ካሜራ ያያሉ። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ "አላህ ሶደቃን በግልጽ መስጠትም መልካም ነው ብሏል" የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው። ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 271 ምጽዋትን መግለጽ መልካም መሆኑን ተናግሮ፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ግን የተሻለ መሆኑን ይጨምራል። ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሰጪው ሥራ ነው። ለጋሹ የራሱን ሶደቃ መግለጽ ተፈቀደለት፤ ለሌሎች አርአያ ሊሆን ይችላል። የተቀባዩን ፊት የመግለጽ ፈቃድ ግን በውስጡ የለም። እንዲያውም ከሰባት አንቀጾች በፊት፣ በቁጥር 264፣ ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት ተከልክሏል።

የሑሰይን (ረ.ዐ.) ልጅ ዐሊይ፣ ዘይኑል ዓቢዲን የሚባሉት፣ መዲና ውስጥ ሌሊት ሌሊት እህል በጀርባቸው ተሸክመው በችግረኞች ቤት ያደርሱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ተቀባዮቹ ከማን እንደሚመጣላቸው አያውቁም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ስጦታው ተቋረጠ፣ አጣቢዎቹም ጀርባቸው ላይ የሸክም ምልክት አገኙ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰጪው ብቻ አይደለም የተደበቀው። ተቀባዩም ጎረቤት ሳያየው በልቶ አድሯል።

"አስፈቅደን ነው የምናነሳው" የሚሉም አሉ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል፤ ስለዚህ ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ጥያቄዬ ፈቃዱ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው የሚለው ነው። ልጆቿ ቤት ውስጥ ርቧቸው የመጣች ሴት፣ ዘይቱን በያዘው ሰው "ፎቶ ብናነሳሽ ቅር ይልሻል?" ስትባል እንዴት "አዎ፣ ይለኛል" ትላለች? በሙያው ሥነ ምግባር ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው እምቢ ያለ ሰው ምንም እንደማይጎድልበት አውቆ ሲሰጠው ነው። ከረጢቱን አስረክቦ፣ ሸኝቶ፣ በሌላ ቀን ቢጠየቅ ስንቱ እሺ እንደሚል መገመት አይከብድም።

ምስጢር የሚወጣው በፎቶ ብቻ አይደለም። እንበል፣ አንዲት ልጅ ከሳዑዲ ተመልሳለች። እዚያ የደረሰባትን ለአንዲት የምታምናት እህት ነገረች። እህትየዋ ቡና ላይ "አንዲት እህታችን፣ ስሟን አልጠራም፣ እንዲህ ደረሰባት፤ ዱዓ አድርጉላት" አለች። ሰፈሩ ውስጥ በዚያ ወር ከሳዑዲ የተመለሰችው አንድ ናት። ስም አለመጥራት ምን ጠቀመ? ዳዒዎቻችንም በመድረክ ላይ "ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድም መጥቶ አማከረኝ" ብለው ሲጀምሩ፣ ያ ወንድም ከፊት ሰፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሰውን ለይቶ የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ፣ ጊዜውና ታሪኩም ያሳውቁታል።

እስካሁን ያልኩት አብዛኛው አንባቢ የሚስማማበት ይመስለኛል። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለመድረሳ ኡስታዟ፣ ቤታቸው የሚኖር ዘመድ ሌሊት እንደሚነካካት ነገረቻት እንበል። ከመናገሯ በፊት ዞር ብላ አይታለች። "ለማንም እንዳትነግሪ" ብላም አስምላታለች። ኡስታዟ ጭንቅ ብሏት ትልልቅ ሰዎችን ታማክራለች። የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ። "የሙስሊምን ገበና የሸፈነ አላህ ገበናውን ይሸፍንለታል። የቤተሰቡን ስም አታጥፊ። ሰውየውን እንመክረዋለን።" ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን ስህተት ነው።

ሰትር የተነገረው ስለምን እንደሆነ ከራሳቸው ከነቢዩ ዘመን ክስተት እንይ። ማዒዝ የሚባሉ ሶሐባ ዝሙት ፈጽመው ተጸጽተው ነበር፤ ሃዛል የተባሉት ሄደው እንዲናዘዙ ገፋፏቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሃዛል፣ በልብስህ ብትሸፍነው ኖሮ ይሻልህ ነበር የሚል ትርጉም ያለው ነገር ነገሯቸው። እዚህ ያለው ወንጀል በሰውየውና በጌታው መካከል ያለ ነው፤ ሰውየው ተጸጽቷል፤ ነገ የሚጎዳ ሌላ ሰው የለም። የሕፃኗ ጉዳይ ግን በበዳይና በተበዳይ መካከል ያለ ነው፤ ዛሬም ማታ ሊቀጥል ይችላል። ኢማም ነወዊ የሰትርን ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ሲተነትኑ፣ መሸፈን የሚወደደው በጉዳትና በብልሹነት ላልታወቀ ሰው፣ ያውም ባለፈና ባበቃ ጥፋት ላይ እንደሆነ ይለያሉ። በብልሹነቱ የታወቀውን ጉዳዩን ሥልጣን ላለው ማድረስ ይሻላል፣ እየፈጸመ ያለውን ደግሞ ማስቆም ግድ ነው ይላሉ።

እኚሁ ሊቅ በሪያዱስ ሷሊሒን ውስጥ የሰውን ነውር ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። ተበዳይ ፍትሕ ሲጠይቅ፣ መጥፎን ለማስቆም እርዳታ ሲፈለግ፣ ፈትዋ ሲጠየቅ፣ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ሲያስፈልግ፣ ሰውየው ጥፋቱን በአደባባይ ሲፈጽም፣ እንዲሁም በሚታወቅበት ቅጽል ለመለየት ብቻ ሲጠራ። ኢማሙ የሞቱት በ676 ሂጅሪ ነው። ማስረጃዎቹ ከዕለት ኑሮ የመጡ ናቸው። ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ.) ባላቸው አቡ ሱፍያን ለእሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃ ወጪ እንደማይሰጡ ለነቢዩ ሲናገሩ፣ "የባልሽን ገበና አታውጪ" አልተባሉም። ተገቢውን ያህል እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋቸው ሲያማክሩ ደግሞ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንደኛው ገንዘብ የሌለው መሆኑን፣ ሌላኛው ሴት የሚመታ መሆኑን ገለጹላቸው። ተማታነቱን ደብቀው አላጋቡም። ሽምግልና ለሚቀመጡ ወንድሞቻችን ይህን ሐዲስ ደጋግመው እንዲያነቡት እመኛለሁ።

የሶሻል ወርክና የሥነ ልቦና ሙያ እዚህ መስመር ላይ የደረሱት በሰው ሞት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ አንዲትን ወጣት ሊገድል እንደሚፈልግ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ተናገረ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊሶቹ ለጥቂት ጊዜ ይዘው ለቀቁት። ለልጅቷም ሆነ ለቤተሰቧ ግን ማንም አልነገራቸውም። ልጁ ገደላት። ቤተሰቧ ከሰሱ፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 ባለሙያው በአደጋ ላይ ያለን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። የታራሶፍ ጉዳይ ተብሎ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይሰጣል። አሁን የአሜሪካው ማኅበር ደንብ ከባድ፣ ሊገመት የሚችልና የቀረበ ጉዳትን ለመከላከል ምስጢር ሊገለጽ እንደሚችል ያስቀምጣል። ሲገለጽም ለዓላማው የሚያስፈልገው ትንሹ መረጃ ብቻ፣ ለሚመለከተው ብቻ እንዲሆን ያዛል።

ፊቅህ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ጉዳትም ሆነ በጉዳት መበቀል የለም፤ ሁለት ጉዳት ሲገጥም ቀላሉ ይመረጣል፤ ለችግር የተፈቀደ ነገር በችግሩ ልክ ይለካል። ሦስቱም የታወቁ ቀዋዒዶች ናቸው። የሕፃኗ ጉዳይ ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ሕክምናውን፣ ምርመራውንና የሥነ ልቦና ድጋፉን አንድ ቦታ ለሚሰጥ ማዕከል ሲደርስ በልኩ ነው። ለመድረሳው መምህራን ሁሉ ከተነገረ ከልኩ አልፏል። ቴሌግራም ላይ ከወጣ ደግሞ ልጅቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተበደለች።

መሐላውስ? ኡስታዟ ምናልባት በጣም የሚከብዳት እሱ ነው። በደልን ለመደበቅ የተገባ መሐላ በዳይን መርዳት ስለሚሆን አይጸናም፤ የተሻለውን ሠርቶ ከፋራ ማውጣት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መጀመሪያውኑ አለመማል ነው። ሠልጣኝ ባለሙያዎች ወሬው ሳይጀመር የምስጢርን ወሰን ይናገራሉ። ለልጅ በሚገባ ቋንቋ "የምትነግሪኝን ለሰው አላወራም፤ ግን አንቺን የሚጎዳሽ ነገር ካለ ሊያስቆሙት ለሚችሉ ሰዎች እነግራለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን ለአንቺ እነግርሻለሁ" ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አስተማሪ ሳለሁ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ልጆች ምስጢር ሊነግሩኝ ሲሉ "ወላሂ ለማንም አልናገርም" እያልኩ ስንት ጊዜ እንደማልኩ አላህ ያውቃል።

ተበዳይዋ ትልቅ ሰው ስትሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ባሏ የሚመታት ሴት መጥታ "ምክር ፈልጌ ነው፣ ፖሊስ ጋ መሄድ አልፈልግም" ብትል፣ በእኔ አስተያየት በላይዋ ዘሎ መክሰስ ትክክል አይደለም። ውሳኔው የሷ ነው። የት መሄድ እንደምትችል፣ ሸሪዓው ምን መብት እንደሚሰጣት፣ ሕጉ ምን እንደሚል ማሳወቅ የእኛ ድርሻ ነው። በሯን ዘግታ ልትመለስ የምትችልበትን መንገድ ክፍት መተው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ከታየ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያሉት ልጆችም የሚመቱ ከሆነ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። በዚህ ላይ ባለሙያዎችም ዑለማእም አንድ ቃል አይደሉም፣ እኔም የተቆረጠ መልስ አለኝ አልልም። "ሶብር አድርጊ" ብሎ መሸኘት ግን ምክር አለመሆኑን እርግጠኛ ነኝ።

በመጨረሻ ወደ ኮሚቴዎቻችን ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል። "በውጭ ያሉ ለጋሾች ማስረጃ ካላዩ አይልኩም፤ ታዲያ ምን እናሳያቸው?" ለጋሽ ገንዘቡ የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለው፤ ገንዘቡም አማና ነው። ማስረጃ ግን ፊት ብቻ አይደለም። የተገዛበት ደረሰኝ አለ፣ የባንክ ዝርዝር አለ። ተቀባዮችን በስም ሳይሆን በቁጥር የመዘገበ ሰነድ አለ፤ የስም ዝርዝሩ ሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ሆኖ ይቆለፍበታል። ለጋሹ ከተጠራጠረ የሚያምነውን አንድ ሰው ወክሎ መዝገቡን ያስመርምር። ርክክቡም ቢሆን ከጁሙዓ በኋላ በመስጂድ ግቢ ሰልፍ ከሚሆን፣ በተለያየ ሰዓት እየተጠሩ፣ ለማይችሉት ማታ ቤታቸው እየተወሰደ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ስማቸውን ብጠራ ስለማይወዱ ትቼዋለሁ። ፎቶ የግድ ካስፈለገ የተደረደረው ዱቄትና ዘይት ይነሳ።

ያ ልጅ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ደብተሮቹን በቢሮ ብቻችንን ሆነን ልሰጠው አልኩ፤ አልተቀበለኝም። ዓመቱን ሙሉ ከየት እንዳመጣቸው በማላውቃቸው፣ ግማሻቸው በተጻፈባቸው ደብተሮች ተማረ።

ወላሁ አዕለም።